ማን ማንን ይጠብቅ? ተራርቀው ለሚጫወቱ ሙዚቀኞች መሣሪያ ስለ መሥራት

(የመግቢያ ሙዚቃ፦ ክራር፣ ለአሥር ሰከንድ፤ ከዚያ ከንግግሩ ሥር እየቀነሰ ይጠፋል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ሙዚቃና ስለ ኔትወርክ ነው። ሁለቱ ብዙም አይዋደዱም። ለምን እንደማይዋደዱ፣ ለማስታረቅ የሚነሣ ሰውም ምን ዓይነት መሣሪያ መሥራት እንዳለበት እንነጋገራለን።

ነገሩን በጆሯችሁ እንድትለዩት ሁለት ባልደረቦቼን በሁለት ክፍሎች አስቀምጬ እንዲያጨበጭቡ ለምኛቸዋለሁ። ሥራቸው ቀላል ነው፤ ሠርግ ቤት የምናውቀውን ጭብጨባ እኩል መምታት። አንዱ ሌላውን የሚሰማው በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነው። መጀመሪያ ምንም መዘግየት ሳይጨመርበት እናድምጣቸው።

(ድምፅ፦ የሁለት ሰዎች ጭብጨባ፣ 15 ሰከንድ፣ የተስተካከለ)

ደህና ነው። አሁን የድምፅ ባለሙያችን በመካከላቸው 70 ሚሊ ሰከንድ መዘግየት ይጨምራል። ሚሊ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺኛ ነው። 70 ሚሊ ሰከንድ ዓይናችንን ጨፍነን እስክንገልጥ ያለውን ጊዜ እንኳ አይሞላም።

(ድምፅ፦ ጭብጨባ፣ 25 ሰከንድ፤ ቀስ በቀስ እየተጎተተ፣ በመጨረሻ ይፈርሳል)

ሰማችሁት? ሁለቱም ምት አያጡም፤ ማንም ሆን ብሎ አላጠፋም። የሆነው እንዲህ ነው። አንደኛው መታ። ድምፁ ለሁለተኛው የደረሰው 70 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ነው። ሁለተኛው «ቀደምኩት መሰለኝ» ብሎ የሚቀጥለውን ምት በትንሹ አዘገየ። ይህ የዘገየ ምት እንደገና 70 ሚሊ ሰከንድ ተጉዞ ለመጀመሪያው ሲደርስ፣ እሱም በተራው «እንግዲያው ልጠብቀው» አለ። በጨዋነት ሲጠባበቁ ዘፈኑ ሞተ። የዛሬው ጉዳያችን በሙሉ ከዚህ መጠባበቅ ይመዘዛል።

ይህን በቤተ ሙከራ በደንብ የፈተሹ ሰዎች አሉ። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሙዚቃ ማዕከል፣ ክሪስ ቼፍ የተባሉት የቼሎ ተጫዋችና ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ጥንድ ጥንድ ሰዎችን እንዲህ እያስጨበጨቡ፣ መዘግየቱን ከ3 እስከ 78 ሚሊ ሰከንድ እየቀያየሩ ለክተዋል። ጥናቱ በአውሮፓውያን 2010 ታትሟል፤ ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ከ20 ሚሊ ሰከንድ ትንሽ ሲያልፍ ምቱ መጎተት ይጀምራል፤ ከ66 ካለፈ ጭራሽ ይበላሻል። ከ10 እስከ 20 ባለው ግን ሰዎቹ ተስማምተው ይመታሉ። የሚገርመው ደግሞ ሌላው ጫፍ ነው። መዘግየቱ ከ10 በታች ሲወርድ አጨብጫቢዎቹ መፍጠን ጀመሩ! እኔ ይህን ሳነብ የተረዳሁት፣ የሰው ልጅ ከጥቂት መዘግየት ጋር የተላመደ ፍጡር መሆኑን ነው። ፍጹም ዜሮ መዘግየት ለእኛ እንግዳ ነገር ነው።

ይህ መላመድ ከየት መጣ? ከአየር ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ስለዚህ በአንድ ሚሊ ሰከንድ የሚሄደው 34 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከእኔ ሦስት ሜትር ተኩል ርቆ የተቀመጠ ከበሮ መቺ ድምፁ የሚደርሰኝ ከ10 ሚሊ ሰከንድ በኋላ ነው። በማኅሌት ሁለት ረድፍ ሆነው ትይዩ የሚቆሙትን ሊቃውንት አስቧቸው። በረድፎቹ መካከል ሰባት ሜትር ቢኖር የአንዱ ጽናጽል ለሌላው የሚደርሰው 20 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ነው። ለዚህም ይመስለኛል ከመካከል የሚመታው ከበሮና ሁሉም የሚያየው የመቋሚያ እንቅስቃሴ ያን ያህል የሚያስፈልጉት። በትልልቅ የሲምፎኒ ኦርኬስትራዎችም ከመድረኩ ጀርባ ያለው ጥሩምባ ነፊ ከፊት ያሉትን ቫዮሊኖች በጆሮው ልከተል ቢል ይዘገያል፤ ስለዚህ የመሪውን ዘንግ በዓይኑ ይከተላል።

ስለዚህ መሣሪያውን የሚሠራው ሰው የመጀመሪያ ቁጥር እነሆ፦ ጥቂት መጎተትን ታግሠን፣ 25 ሚሊ ሰከንድ። በአየር ብናሰላው ስምንት ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ሁለቱ ሙዚቀኞች በአንድ ሰፊ አዳራሽ ግራና ቀኝ ግድግዳ ሥር እንደ ቆሙ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ሌላ ዘዴ መፈለግ ግድ ነው።

«ታዲያ በየቀኑ በስልክና በቪዲዮ እንነጋገር የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ወሬና ዘፈን ይለያያሉ። ዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት ለንግግር የሚመክረው የመዘግየት ወሰን በአንድ አቅጣጫ 150 ሚሊ ሰከንድ ነው። በወሬ ውስጥ ተራ አለ፤ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይቀጥላል፣ በመካከል ትንፋሽ ቢጨመር ማንም አያማርርም። በዚያ ላይ የስብሰባ ፕሮግራሞች የተሠሩት ንግግርን ለመጠበቅ ነው። ከንግግር ውጭ ያለውን ድምፅ እንደ ሁከት ቆጥረው ያፍናሉ፤ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲናገር አንዱን ዝቅ ያደርጋሉ። በዙም ማሲንቆ ለማሰማት የሞከረ ሰው ድምፁ ብቅ ጥልቅ ሲል ያየው ለዚህ ነው። ፕሮግራሙ ማሲንቆውን የአየር ማቀዝቀዣ ጩኸት አድርጎ ቆጥሮታል ማለት ነው።

አሁን ወደ ርቀቱ እንሂድ። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ 5 ሚሊ ሰከንድ ይከፈላል። ይህን ምንም ዓይነት ፕሮግራም፣ ምንም ዓይነት ውድ ኮምፒውተር አይቀንሰውም።

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በመኪና መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ገመዱ መንገዱን ተከትሎ ቢዘረጋ እንኳ የብርሃን ክፍያው 3 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ይህ ምንም ማለት አይደለም! ከአዲስ አበባ ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ በአሞራ በረራ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ 13 ሚሊ ሰከንድ። አፋፍ ላይ ነው፣ ግን ገመድ እንደ አሞራ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ወደ ዋሽንግተን ዲሲ ስንመጣ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ 57 ሚሊ ሰከንድ በአንድ አቅጣጫ፣ ያውም ገመዱ ቀጥ ያለ ቢሆን። እውነተኛው መንገድ ከዚህ ይረዝማል። ሀገራችን የባሕር በር ስለሌላት የኢንተርኔት መስመሩ በጅቡቲና በኬንያ በኩል ወጥቶ ነው የባሕር ሥር ገመድ የሚያገኘው፤ ከዚያም በየማዞሪያ ጣቢያው እየቆመ አህጉር ያቋርጣል።

57 ሚሊ ሰከንድ ለሙዚቃችን ምን ማለት እንደሆነ ላሳያችሁ። ችክችካን ውሰዱ። በደቂቃ 120 ትልልቅ ምት ብንመታ፣ አንዱ ትልቅ ምት ግማሽ ሰከንድ ነው። በውስጡ ሦስት ትንንሽ ምቶች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 167 ሚሊ ሰከንድ። የአዲስ አበባው ከበሮ ዲሲ ደርሶ የዲሲው ክራር መልስ አዲስ አበባ እስኪመለስ ቢያንስ 115 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ ከአንዷ ትንሽ ምት ከሁለት ሦስተኛ በላይ። የችክችካ ለዛ ያለው ደግሞ በእነዚያ ትንንሽ ምቶች መካከል ነው። ስለዚህ አንድ ሻጭ መጥቶ «በእኔ መተግበሪያ አዲስ አበባና ዲሲ እኩል ይጫወታሉ» ቢላችሁ ገንዘባችሁን አትስጡት።

(የሙዚቃ ድልድይ፦ ከበሮ፣ ችክችካ፣ 8 ሰከንድ)

ለቅርብ ርቀት፣ በአንድ ከተማ ወይም በአንድ ሀገር ውስጥ ላሉ ሙዚቀኞች ግን ተስፋው ትልቅ ነው፤ የተሠሩም መሣሪያዎች አሉ። ክሪስ ቼፍና ሁዋን ፓብሎ ካሴሬስ የሠሩት ጃክትሪፕ ድምፁን ምንም ሳይጨምቅ እንዳለ ይልካል። ጀርመናዊው ፎልከር ፊሸር የጀመረው ጃሙለስ ደግሞ ኦፐስ በሚባል ዘዴ ድምፁን ጨምቆ ወደ አንድ ሰርቨር ይልካል፤ ሰርቨሩ የሁሉንም ደባልቆ ይመልሳል። ሁለቱም በነፃ የሚገኙ፣ ውስጣቸውን ማንም ከፍቶ ሊያይ የሚችል ፕሮግራሞች ናቸው። ኮቪድ በገባበት በ2020 ልምምድ የተከለከሉ ብዙ መዘምራንና ባንዶች የተጠለሉት እነዚህ ሥር ነው። በጣሊያን ትሪየስቴ ከተማ ያለው የሙዚቃ ኮንሰርቫቶሪም ከሀገሩ የምርምር ኔትወርክ ጋር ሎላ የሚባል ሥርዓት ሠርቷል፤ ቪዲዮውንም ጭምር በፍጥነት ያስተላልፋል፣ ግን የዩኒቨርሲቲ ዓይነት ፈጣን መስመር ይፈልጋል። ለተራ ቤት የሚሆን አይደለም።

የእነዚህ ሁሉ ጥበብ ሚሊ ሰከንዶችን እንደ ገንዘብ በጀት መቁጠር ነው። ድምፅ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ በሰከንድ 48,000 ጊዜ ይለካል። ኮምፒውተሩ ግን ልኬቶቹን አንድ በአንድ አይልካቸውም፤ ጥቂት ያጠራቅማል። 128 ልኬት ካጠራቀመ 2.7 ሚሊ ሰከንድ ወጪ ሆነ፤ በወዲያኛው ጫፍ ሲወጣም እንደዚያው። ከ25ቱ ከአምስት በላይ ሄደ፣ መንገዱ ገና ሳይቆጠር። ድምፅ ማጉያውን ሦስት ሜትር ብታርቁት አየሩ ሌላ 9 ይወስዳል፤ ስለዚህ ባለገመድ የጆሮ ማዳመጫ የግድ ነው። «ባለገመድ» ያልኩት ሳላስብ አይደለም። ተራ የብሉቱዝ ማዳመጫ ብቻውን ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ሊጨምር ይችላል። መሣሪያውን የሚሠራው ሰው ብሉቱዝ ሲገናኝ ካየ በቀይ ጽሑፍ «ይህን አውልቅ» ማለት አለበት። በእኔ እምነት ይህች አንዲት ማስጠንቀቂያ ከብዙ የተራቀቀ ሥራ ትበልጣለች። ዋይፋይም እንደዚሁ ነው፤ ከራውተሩ እስከ ኮምፒውተሩ አንድ ገመድ መዘርጋት ብዙ ችግር ይፈታል።

ከዚያ መንገዱ አለ። ድምፁ በትንንሽ ፓኬት ተቆራርጦ ነው የሚሄደው። ድረ ገጽ ስንከፍት አንድ ፓኬት ከጠፋ ኮምፒውተራችን «እንደገና ላክልኝ» ይላል። በሙዚቃ ግን እንደገና የተላከው ፓኬት ሲደርስ ጊዜው አልፏል፤ ስለዚህ የጠፋው ጠፋ ተብሎ ይታለፋል፣ ቦታውም ከፊቱ በነበረው ድምፅ በብልሃት ይሞላል። ሌላው ችግር ፓኬቶቹ እኩል ፍጥነት የላቸውም። አንዱ በ8 ሚሊ ሰከንድ ይደርሳል፣ ተከታዩ በ14። ስለዚህ ተቀባዩ ጥቂት አጠራቅሞ ነው ማጫወት የሚጀምረው። ብዙ ቢያጠራቅም ድምፁ ይጠራል፣ ግን ይዘገያል፤ ጥቂት ቢያጠራቅም ይፈጥናል፣ ግን ይቆራረጣል።

ብዙ መሐንዲሶች ይህን መጠን ማሽኑ ራሱ በየሰከንዱ እንዲያስተካክለው ይፈልጋሉ። እኔ አልስማማም። ሙዚቀኛ የማይለወጥ መዘግየትን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይለምደዋል። በዘፈኑ መካከል ከ15 ወደ 35፣ ከ35 ወደ 20 የሚዋልለውን ግን ሊለምደው አይችልም። ስለዚህ ማሽኑ ከዘፈኑ በፊት ይለካ፣ ዘፈኑ ከተጀመረ እጁን ይሰብስብ።

አሁን ለኢትዮጵያ ጠቃሚ ወደሆነው ነጥብ ደረስን፤ ሰርቨሩ የት ይቀመጥ? አንድ ጊታሪስት ቦሌ፣ አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ፒያሳ ቢሆኑና ሰርቨሩ ፍራንክፈርት ቢሆን፣ የጊታሩ ድምፅ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶ ያንኑ ያህል ተመልሶ ነው ፒያሳ የሚደርሰው። በብርሃን ክፍያ ብቻ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በላይ ነው። በታክሲ የሚደራረሱ ሰዎች ዘፈናቸው አውሮፓ ደርሶ ይመጣል! ሰርቨሩ አዲስ አበባ ከሆነ ግን ሐዋሳም፣ ባሕር ዳርም፣ ድሬዳዋም ከ25ቱ በጀት ውስጥ ይገባሉ። ይህን መሣሪያ ለሀገራችን ለመሥራት የሚያስብ ወጣት ካለ፣ ገንዘቡን በማያ ገጹ ውበት ላይ ከማፍሰሱ በፊት እዚሁ ሰርቨር ይከራይ።

ስለ ራስ ድምፅም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ሙዚቀኛ የራሱን መሣሪያ በቀጥታ፣ የሌሎቹን በሰርቨሩ በኩል ከሰማ፣ ሁልጊዜ እሱ የቀደመ ይመስለዋል። የጃሙለስ ሰዎች የሚመክሩት የራስንም ድምፅ ከሰርቨሩ ተመልሶ ሲመጣ እንዲሰሙ ነው። መጀመሪያ ያስጠላል፤ ጣትህ ክሩን ነክቶ ድምፁ ጥቂት ቆይቶ ይመጣል። ግን ሁሉም የሚሰማው አንድ ዓይነት ቅልቅል ስለሆነ፣ ሁሉም በእኩል ይዘገያልና ምቱ ቀጥ ይላል። ይህ ለክራርና ለኪቦርድ ይሠራል። ለዘፋኝ ግን ያስቸግራል፤ ዘፋኝ የራሱን ድምፅ በአጥንቱም ይሰማዋልና።

የሙዚቃ መሣሪያውም ዓይነት ለውጥ ያመጣል። ከበሮና ክራር ድምፃቸው በድንገት ይጀምራል፤ 20 ሚሊ ሰከንድ ልዩነት እንኳ ጎልቶ ይሰማል። በቀስት የሚጫወተው ማሲንቆና የዋሽንት ረጅም ድምፅ ቀስ ብለው ስለሚነሡ መዘግየቱን ይሸፍኑታል። ምት የማይቆጠርበት እንጉርጉሮ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ታጋሽ ነው። መሣሪያውን ስትፈትሹ እንግዲህ በእንጉርጉሮ ፈትሻችሁ «ሠራ» አትበሉ። ሁለት ሙዚቀኞች ያለ ክሊክ፣ ማለትም ያለ ምት መቁጠሪያ ድምፅ፣ አምስት ደቂቃ ችክችካ ይጫወቱ፤ ቅዱና የመጀመሪያውን ደቂቃ ፍጥነት ከመጨረሻው ጋር አስተያዩ። በ120 ተጀምሮ በ108 ካለቀ፣ ማያ ገጹ ላይ የተጻፈው ቁጥር ምንም ይሁን፣ መሣሪያው አልደረሰም።

(የሙዚቃ ድልድይ፦ ማሲንቆ፣ 8 ሰከንድ)

25ቱን ማሟላት በማይቻልበት ርቀትስ? መዘግየቱን ለማሳነስ መታገልን ትቶ ከእሱ ጋር መስማማት ይቻላል።

ዊንአምፕ የተባለውን የሙዚቃ ማጫወቻ የፈጠረው ጀስቲን ፍራንክል በ2005 በኮኮስ ኩባንያው በኩል ኒንጃም የሚባል ነገር አወጣ። ሐሳቡ ድፍረት ነው። መዘግየቱን ከማሳነስ ይልቅ ሆን ብሎ አስረዘመው፤ አንድ ሙሉ ዙር አደረገው። ስምንት ወይም አሥራ ስድስት ምት ትጫወታለህ፤ ሌሎቹ ያንን የሚሰሙት በሚቀጥለው ዙር ነው፣ ግን ልክ በምቱ ላይ። ማንም የሌላውን «አሁን» አይሰማም፤ ሁሉም የሚጫወተው ካለፈው ዙር ጋር ነው። በየመስመሩ ስምምነቱ ለሚቀያየር ዘፈን ይህ አይሆንም። በአንድ ቅኝት ላይ ቆሞ አንዲት ሐረግ እየመላለሰ ለሚሄድ ጨዋታ ግን ይመቻል፤ የእኛ ሙዚቃ ደግሞ በዚህ ሀብታም ነው። የሚከብደው ቅብብሉ ነው። አዝማሪ ግጥም ሲነገረው ወዲያው ነው የሚቀበለው። በኒንጃም የተቀባዩ መልስ ሁለት ዙር ቆይቶ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ባዶ ዙሮችን አስቀድሞ ማሰናዳት ያስፈልጋል።

ለአዲስ አበባና ለዲሲ ግን እኔ የምመርጠው ሌላውን ነው፤ አንዱ ይምራ፣ ሌላው ይከተል። ይህን ፕሮግራም ስታዳምጡ ስርጭቱ ከስቱዲዮ እስከ ቤታችሁ ጥቂት ይዘገያል፤ ሆኖም በሬዲዮ ዘፈን እስክስታ መውረድ የከለከላችሁ የለም። ሬዲዮው እናንተን አይሰማምና አይጠብቃችሁም። እንደዚሁ የአዲስ አበባው ከበሮና ቤዝ ዲሲን ሳይሰሙ በራሳቸው ምት ይምቱ። የዲሲው ዘፋኝ በሰማው ላይ ይዝፈን። በዲሲ አዳራሽ ላለው ታዳሚ ሁሉም ነገር እኩል ነው፤ መዘግየቱ የትም አይሰማም። ዋጋውን የሚከፍሉት አዲስ አበባ ያሉት ናቸው፤ ዘፋኙን ቢሰሙት ይጎትታቸዋልና ድምፁ ሊቀነስባቸው ወይም ሊዘጋባቸው ይገባል። ስለዚህ በማያ ገጹ ላይ አንድ ትልቅ ቁልፍ ይኑር፦ «መሪው ማነው?» የሚል። መሪው ከተመረጠ ማሽኑ የቀረውን ራሱ ያስተካክል፤ ታዳሚውም፣ ቀረጻውም በተከታዩ በኩል ይሁን። ለመሪነት ግን እልኸኛ ከበሮ መቺ ምረጡ፤ ሰው ካላየሁ አልመታም የሚል አይሆንም።

የዚህ ሐሳብ የመጨረሻው ጥግ አሜሪካዊው ኤሪክ ዊታከር በ2010 ያደረጉት ነው። በ12 ሀገሮች ያሉ 185 ዘማሪዎች የእሳቸውን የመሪነት ቪዲዮ እያዩ እያንዳንዳቸው በየቤታቸው ቀረጹ፤ ከዚያ ተገጣጥሞ አንድ መዘምራን ሆነ። ማንም ማንንም አልሰማም።

የእኛም ሙዚቀኞች ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። አቀናባሪው አዲስ አበባ ሆኖ ሙዚቃውን ይልካል፣ ዘፋኙ ውጭ ሀገር ድምፁን ይቀርጽበታል፣ ፋይሉ በቴሌግራም ይመላለሳል። መሣሪያ ሠሪው ይህን ልማድ ሊንቅ አይገባም። አደጋዎቹን ቢያነሣለት ብቻ ትልቅ አገልግሎት ነው። ድምፅ በድምፅ መልእክት ከተላከ ይጨመቃልና በፋይል መልክ ብቻ ይሂድ። ከዘፈኑ በፊት አራት ክሊክ ይግባ፤ አገጣጣሚው መነሻውን እንዳይፈልግ። ከሁሉም የከፋው ግን የልኬት ልዩነት ነው። በሰከንድ በ48,000 የተቀረጸ ድምፅ 44,100 ነው ተብሎ ቢከፈት በ8 በመቶ ይዘገያል፣ ድምፁም ከአንድ ሴሚቶን በላይ ይወርዳል። በአንድ ቃና የተዘፈነ አምባሰልን በሌላ ቃና ከተቃኘ ክራር ጋር ማስማማት አይቻልም። ማሽኑ ፋይሉ ሲገባ ይህን ለይቶ ቢነግር፣ አንድ ሌሊት ሙሉ «ክራሩ ነው ወይስ ዘፋኙ?» እየተባለ የሚደረግ ጭቅጭቅ ይቀራል።

የተመደበልን ጊዜ አበቃ። በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ወደ ማይክሮፎን እንሄዳለን፤ ማሲንቆን ለመቅረጽ ማይክሮፎኑ ከቆዳው ምን ያህል መራቅ እንዳለበት ከአንድ የስቱዲዮ ባለሙያ ጋር እንሞክራለን። እስከዚያው ደህና ሁኑ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ፦ ክራር፣ እስከ ሰዓቱ)